ባለሁለት ምት ሞተር በስውር አየር ሲስብ፦ ከጅማ አካባቢ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ የቡና እርሻ ያላቸው ጠያቂ የላኩት ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «ያገለገለ ያማሃ ብላስተር ባለአራት ጎማ ሞተር ገዝቼ ችግኝና ማዳበሪያ አመላልስበታለሁ። በስምንት ወር ውስጥ ሁለት ፒስተን በላ። መካኒኩ ቤንዚን አንሶታል ብሎ የካርቡሬተሩን ዋና ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍበትን የተለካ ቀዳዳ) በትልቅ ቀየረው። ቢሆንም ሞተሩ ሲሞቅ ጋዙን ለቅቄው እንኳ ሚኒሞው (ጋዝ ሳይሰጠው የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ እንዳለ ይቆያል፤ ካንዴላውም ነጭ ሆኖ ይወጣል። ሌላ ሰው ደግሞ የሆነ ቦታ አየር ይስባል አለኝ። ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ሳላስፈታ ይህን በምን ላረጋግጥ? ልዩ መሣሪያስ ያስፈልገዋል?»

የሁለተኛው ሰው ግምት ከመካኒኩ ውሳኔ ይልቅ ወደ እውነቱ የቀረበ ይመስለኛል፤ ለዚህም የመጀመሪያው ማስረጃዬ ሞተሩ ሳይሆን የሚሠራበት ቦታ ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው በአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ያንሳል። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ የሚያወጣው ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ሞተር ወደዚህ ሲመጣ ሊያሳይ የሚገባው ጠባይ የቤንዚን መብዛት ነው፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱ ይበዛል፣ ጉልበቱም ይሰንፋል። የእርስዎ ሞተር ግን በዚህ ከፍታ ላይ፣ ያውም ዋናው ጄት በትልቅ ከተቀየረ በኋላ፣ ነጭ ካንዴላ ያወጣል። ይህን ሳነብ ቤንዚኑ አነሰ ከማለት ይልቅ ካርቡሬተሩ የማያውቀው አየር ከሌላ በር እየገባ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

በሩ የት ሊሆን እንደሚችል ለመረዳት የሞተሩን አሠራር ማስታወስ ያስፈልጋል። ባለአራት ምት ሞተር ከኮሎው፣ ማለትም የፒስተኑን መውጣትና መውረድ ወደ መዞር ከሚለውጠው ዘንግ፣ በታች ያለውን ክፍል ለዘይት ማጠራቀሚያ ብቻ ይጠቀምበታል፤ ባለሁለት ምት ሞተር ግን የኮሎውን ቤት እንደ አንጥረኛ ወናፍ ይሠራበታል። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ከሥሩ ያለው ክፍል ባዶነት ስለሚፈጠርበት በካርቡሬተሩና በሪድ ቫልቩ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚከፈቱ ስስ ምላሶች) በኩል አየርና ቤንዚን ይስባል፤ ፒስተኑ ሲወርድ የሪድ ቫልቩ ምላሶች ይዘጋሉ፣ የተሳበውም ድብልቅ ተጨቁኖ በማስተላለፊያ ቀዳዳዎቹ በኩል ወደ ሲሊንደሩ ይወጣል። እንግዲህ ከካርቡሬተሩ አፍ ወዲህ ያለው ማንኛውም መገጣጠሚያ የወናፉ ቆዳ አካል ነው። የመግቢያው ጎማ፣ የሪድ ቫልቩ መቀመጫ፣ የሲሊንደሩ ግርጌ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ የኮሎው ቤት ሁለት ግማሾች የሚገናኙበት መስመር፣ በኮሎው ሁለት ጫፎች ላይ ያሉት መካኒኮች ፓራኦሊ የሚሏቸው የዘይት ማገጃ ጎማዎች፣ ሁሉም በየዙሩ አንድ ጊዜ ይሳባሉ፣ አንድ ጊዜ ይገፋሉ። የአንጥረኛ ወናፍ ቢቀደድ እሳቱ ይደክማል፤ የዚህኛው ቀዳዳ ግን ያልተለካ አየር ስለሚጨምር እሳቱን ያባብሳል፣ ፒስተኑንም ያቃጥላል።

መካኒኩ ጄት በማሳደግ ችግሩን ለመሸፈን መሞከሩ ለምን እንዳልሠራም ከዚሁ ይታያል። ጋዙ ቢከፈትም ቢለቀቅም የቀዳዳው መጠን አይለወጥም። ጋዙ ሲለቀቅ የካርቡሬተሩ መግቢያ ጠባብ ስለሚሆን ሞተሩ ከሚስበው አየር ውስጥ በቀዳዳው የሚገባው ድርሻ ትልቅ ነው፤ ሚኒሞው አልወርድም የሚለውም በዚህ ምክንያት ነው። ጋዙ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ድርሻው ያንሳል፣ ነገር ግን በዚያ ጊዜ የሙቀቱ ኅዳግ ጠባብ ስለሆነ ያቺው ትንሽ ድርሻ ፒስተን ለማስነከስ ትበቃለች። ዋናው ጄት ደግሞ በአብዛኛው የሚሠራው ጋዙ ከሦስት አራተኛ በላይ ሲከፈት ነው፤ በሚኒሞ ላይ የሚያዘው ትንሹ የዝግታ ጄት ነው። ስለዚህ ዋናውን ጄት ማሳደግ ሕመሙ በግልጽ የሚታይበትን ቦታ አይነካም፣ በላይኛው ፍጥነት ላይ ብቻ ለጊዜው ያለብሰዋል። ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር ሌላ ጄት ሊያስፈልግ ነው ማለት ነው።

ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ። ያማሃ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1988 እስከ 2006 ያመረተው ብላስተር በአየር የሚቀዘቅዝ፣ 195 ሲሲ የሆነ ነጠላ ሲሊንደር ሞተር ያለውና ከፋብሪካው ሲወጣ ዘይቱን በራሱ ፓምፕ የሚመግብ ነው። ብዙ ያገለገሉ ብላስተሮች ግን ፓምፓቸው ተነቅሎ ዘይቱ በቤንዚኑ ውስጥ ተቀላቅሎ የሚሞላባቸው ሆነዋል። የእርስዎም እንደዚያ ከሆነ ቤንዚን ሲያንሰው ዘይትም አብሮ ያንሰዋል፤ ጉዳቱ እጥፍ ነው። ፓምፑ ሲነቀል የዘይቱ ቱቦ ይገባበት የነበረው ቀዳዳ፣ በካርቡሬተሩ ላይ ይሁን በመግቢያው በኩል፣ በትክክል መደፈኑን ከሁሉ አስቀድመው ይመልከቱ። በአሮጌ ላስቲክና በሽቦ የታሰረ ድፍን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን ካገኙ ግማሹን መንገድ ሄደዋል።

በየጋራዡ የተለመደው መፈተሻ ሞተሩ እየሠራ የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ፣ አንዳንዴም ቤንዚን፣ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ መርጨትና ድምፁ ሲለወጥ መስማት ነው። ይህን አልመክርም። አንደኛ፣ በጋለ ሲሊንደር አጠገብ ተቀጣጣይ ነገር መርጨት እሳት መጥራት ነው። ሁለተኛ፣ ፓራኦሊዎቹ ስፕሬዩ በማይደርስባቸው ቦታዎች፣ አንዱ ከቮላኖው (በኮሎው ጫፍ ላይ ካለው ከባድ መንኮራኩር) ጀርባ፣ ሌላው ከፍሪሲዮኑ ክዳን ውስጥ ስለተሸሸጉ፣ ድምፁ ባይለወጥ ምንም አልተረጋገጠም። የኮምፕሬሽን ልኬትም ለዚህ ጉዳይ ምስክር አይሆንም፤ እሱ የሚለካው ከፒስተኑ በላይ ያለውን ክፍል፣ ማለትም የፋሻዎቹን (የፒስተኑን ቀለበቶች) እና የቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) መዝጋት ነው እንጂ ከፒስተኑ በታች ያለውን ወናፍ አይደለም። ኮምፕሬሽኑ ጥሩ የሆነ ሞተር በፓራኦሊው አየር ሊስብ ይችላል፤ በዚያ ላይ በጅማ ከፍታ የሚለካው ቁጥር በመጽሐፍ ከተጻፈው ዝቅ ማለቱ የሚጠበቅ ስለሆነ ሰውን በከንቱ ያስደነግጣል።

ትክክለኛው መንገድ ሞተሩ ቆሞ ሳለ መግቢያና መውጫ አፎቹን ሁሉ ደፍኖ በትንሽ የአየር ግፊት መሙላትና ግፊቱ ሲወርድ ወይም ሲቆም ማየት ነው። የተለመደው ልክ 6 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ሆኖ ለ6 ደቂቃ መቆየት ነው። ይህ እጅግ ትንሽ ግፊት ነው፤ ስለዚህ በጎሚስታ ቤት ያለው ኮምፕሬሰር ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም። እሱ የሚሰጠው ግፊት ከመቶ ፒኤስአይ ሊያልፍ ስለሚችል ፓራኦሊዎቹን ከመቀመጫቸው ገፍቶ ያወጣቸዋል፤ ጤነኛ የነበረውን ሞተር በሽተኛ ማድረግ ነው። የጎማ መለኪያውም አይጠቅምም፤ መርፌው 6 ፒኤስአይን ከዜሮ ለይቶ ለማሳየት አይችልም።

ልዩ መሣሪያ ያስፈልጋል ወይ ላሉት፣ በከተማው መድኃኒት ቤቶችና የሕክምና ዕቃ መደብሮች የሚሸጠው የክንድ የደም ግፊት መለኪያ፣ መርፌ ያለው ባለእጅ ፓምፑ ዓይነት፣ ሁሉንም አሟልቶ የያዘ ነው። ፓምፕ አለው፣ የሚዘጋና የሚከፈት ቫልቭ አለው፣ እስከ 300 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የሚያነብ ጌጅ አለው። በዚህ ጌጅ 260 ሚሊሜትር ከ5 ፒኤስአይ ጋር እኩል ነው፤ ለእርስዎ ፍተሻ ይበቃል። 6 ፒኤስአይ 310 ሚሊሜትር ስለሚሆን ከጌጁ ጫፍ ያልፋል፣ ስለዚህ ወደዚያ አይሂዱ። በክንድ የሚታሰረውን ጨርቅ አውልቀው ጌጁንና ፓምፑን በአንድ ባለሦስት አፍ የቱቦ መገጣጠሚያ ወደ አንድ ቱቦ ያገናኙ። በባትሪ የሚሠራውን የዲጂታል ዓይነት አይግዙ፤ ለዚህ አገልግሎት አይሆንም።

አሁን ወደ ሞተሩ እንምጣ። ፍተሻው ሞተሩ በደንብ ቀዝቅዞ በጥላ ሥር ይደረግ፤ በሞቀ ሞተር ውስጥ ያለ አየር እየቀዘቀዘ ሲሄድ ግፊቱ በራሱ ስለሚወርድ የሌለ ቀዳዳ ሲፈልጉ ይውላሉ። ጭቃውን አስቀድመው በደንብ ያጥቡ፤ በክረምት የቡና ማሳ ውስጥ የዋለ ሞተር ላይ ቀዩ አፈር ደርቆ መገጣጠሚያዎቹን ሸፍኖ ስለሚገኝ አረፋው ከየት እንደሚመጣ አያሳይም። ካርቡሬተሩን ያውጡ፣ የመግቢያውን ጎማ ግን በቦታው ይተዉት፤ መፈተሽ ያለበት እሱ ጭምር ነው። የካርቡሬተሩን አፍ ውፍረት የሚያክል ቁራጭ የፕላስቲክ ቧንቧ ወይም ተላግቶ የለሰለሰ ድፍን እንጨት በጎማው ውስጥ አስገብተው በራሱ ማሰሪያ ያጥብቁ። በዚህ ድፍን መካከል ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ የአየር ማስገቢያ ቫልቭ ይለጥፉ፣ የውስጡንም መርፌ ያውጡት፤ መርፌው ካልወጣ ጌጁ የፓምፑን ግፊት እንጂ የሞተሩን አያነብም። ማርሚታውን ፈትተው በጭስ መውጫው አፍ ላይ ከዚያው ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ አልብሰው፣ በላዩ ጠፍጣፋ ብረት ደርበው በራሱ ብሎኖች ያጥብቁት። ካንዴላው በቦታው ይሁን።

ፒስተኑን ወደ ታችኛው መጨረሻ ማውረድዎን አይርሱ። በካንዴላው ቀዳዳ የመጠጥ ስትሮ አስገብተው ኮሎውን በእጅ ሲያዞሩ ስትሮው ከሁሉ ዝቅ ያለበትን ቦታ ያገኛሉ፤ ከዚያ ካንዴላውን መልሰው ይግጠሙ። በዚህ ቦታ ማስተላለፊያዎቹ ስለሚከፈቱ የሲሊንደሩ ውስጥና የኮሎው ቤት አንድ ክፍል ይሆናሉ፤ ፋሻዎቹ ቢያሳልፉ እንኳ ፍተሻውን አያበላሹም።

ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር የሪድ ቫልቩ አቅጣጫ ነው። ምላሶቹ አየርን ወደ ውስጥ ያሳልፋሉ፣ ወደ ውጭ ይዘጋሉ። ስለዚህ ግፊት ሲሞሉ ከመግቢያው በኩል መሙላት አለብዎት፤ አየሩ ምላሶቹን ከፍቶ ይገባል፣ መግቢያው ጎማና የኮሎው ቤት በአንድነት ይፈተሻሉ። በካንዴላው ቀዳዳ በኩል ቢሞሉ ምላሶቹ ይዘጉና የተሰነጠቀው የመግቢያ ጎማ ምንም ሳይነካው ፍተሻውን ሊያልፍ ይችላል። መሳብን በተመለከተ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሞተሩን ከመሙላትዎ በፊት መሣሪያዎን ራሱን ይፈትሹ። ቱቦውን ቆልምመው ጌጁን 260 ላይ አድርሰው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከወረደ ቀዳዳው ያለው በእርስዎ ቱቦ ላይ ነው። ይህን ያልፈተሸ ሰው ጤነኛ ፓራኦሊ ሲያስቀይር አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ሞተሩን በዝግታ ወደ 260 ይሙሉና ቫልቩን ዘግተው ሰዓት ይያዙ። በደቂቃ እስከ 1 ፒኤስአይ፣ ማለትም 50 ሚሊሜትር ገደማ፣ ቢወርድ ችግር የለውም የሚሉ አሉ። እኔ ለአሮጌ የመርጫ ሞተር ይህን ልታገሥ እችላለሁ፤ በስምንት ወር ሁለት ፒስተን ለበላ ሞተር ግን አልቀበለውም። በ6 ደቂቃ ውስጥ መርፌው ከተነቃነቀ ምክንያቱ ይፈለግ።

ፍለጋው በሳሙና አረፋ ነው። ላርጎ በትንሽ ውኃ በጥብጠው በቀለም መቀቢያ ብሩሽ ይቀቡ፤ ግፊቱንም በየጊዜው ወደ 260 እየመለሱ። መጀመሪያ የራስዎን ድፍኖች፣ ቀጥሎ የመግቢያውን ጎማ ዙሪያውን ይቀቡ። ጎማው ሲቀባ በእጅ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዙት፤ ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ካርቡሬተሩ ስለሚንቀጠቀጥ ጎማው የሚከፈተው ሲተጣጠፍ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስንጥቁ ብዙ ጊዜ ያለው ከብረቱ ጋር በተጣበቀበት ጠርዝ ላይ፣ ከሥር በኩል፣ ዓይን በማያየው ቦታ ነው። በማጣበቂያ መድፈን ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው፤ ቤንዚኑ ይፈታዋል። ከዚያ የሪድ ቫልቩን መቀመጫ፣ የሲሊንደሩን ግርጌ፣ ቴስታታውን፣ የካንዴላውን ሥርና የኮሎውን ቤት መጋጠሚያ መስመር ይቀቡ። በቴስታታውና በካንዴላው በኩል የሚወጣ አየር ኮምፕሬሽን ያጠፋል እንጂ ቤንዚኑን በማሳሳት ረገድ የሌሎቹን ያህል አይከፋም፤ ቢያገኙት ያስተካክሉት፣ ነገር ግን መልሱን አገኘሁ ብለው አይቁሙ።

ፓራኦሊዎቹ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ የዚህ ሁሉ ድካም ዋና ምክንያት እነሱ ናቸውና። በብላስተር የግራው ከቮላኖው ጀርባ ነው፣ ደረቅ ነው፤ ሲያረጅ የሚስበው ንጹሕ አየር ስለሆነ ምልክቱ ልክ እርስዎ እንደገለጹት ነጭ ካንዴላና የማይወርድ ሚኒሞ ነው። የግራውን ክዳን አንሥተው በቮላኖው ጀርባ በኩል የዘይትና የቤንዚን እርጥበት ወይም ጥቁር ዝቃጭ ተረጭቶ ቢያገኙ ጥርጣሬው ይጠናከራል፤ ፓራኦሊው በመሳቡ ጊዜ አየር የሚያስገባውን ያህል በመግፋቱ ጊዜ ድብልቁን ያስተፋልና። አረፋውን ለመቀባት ቮላኖው መውጣት አለበት፤ ለዚህም የራሱን መንቀያ ይጠቀሙ። በመዶሻ የተመታ ቮላኖ ኮሎውን ያጣምማል፣ ማግኔቱንም ይሰነጥቃል። ሳሙናው ወደ ስታተሩ (ኤሌክትሪክ አመንጪው) ጥቅል እንዳይፈስ በጥቂቱ፣ በትንሽ ብሩሽ ብቻ ይቀባ።

የቀኙ ፓራኦሊ ግን ከፍሪሲዮኑ ጋር በካምቢዮው (በማርሽ ሣጥኑ) ዘይት ውስጥ ነው። እሱ ሲበላሽ የሚሳበው ብዙውን ጊዜ ዘይት ስለሆነ ምልክቱ ይለያል፤ ሞተሩ በነጭ ጭስ ይሸፈናል፣ ካንዴላው ይርሳል፣ የካምቢዮው ዘይት መሬት ላይ ሳይንጠባጠብ ይጎድላል። የዘይቱ መጠን ከፓራኦሊው በታች ሲሆን ግን አየር ሊስብ ይችላል። እሱን ለመፈተሽ ክዳኑን መክፈት አያስፈልግም፤ የካምቢዮው መተንፈሻ ቱቦ ያለበትን ፈልገው ጫፉን በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ይንከሩት። ሞተሩ በግፊት ተሞልቶ ሳለ በብርጭቆው ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ቢወጣ አየሩ ከኮሎው ቤት ወደ ካምቢዮው እየተሻገረ ነው፤ ወይ ፓራኦሊው፣ ወይም በሁለቱ መካከል ያለው መጋጠሚያ አልያዘም ማለት ነው። ይህን ስል የራሴን ጥፋት አልደብቅም። ከዓመታት በፊት አንድ ባለሁለት ምት ሞተር ሳይክል መጥቶልኝ የመግቢያው ጎማ ተሰንጥቆ አገኘሁና ቀየርኩት፤ ምክንያቱ በመገኘቱ ደስ ብሎኝ ፍተሻውን ሳልደግም ለባለቤቱ አስረከብሁ። በሦስተኛው ሳምንት ጭስ እየተፋ ተመለሰ፣ ካምቢዮውም ዘይቱ ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር። ትልቁ ቀዳዳ ትንሹን ሸፍኖት ስለነበር ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀዳዳ በደፈንሁ ቁጥር ፍተሻውን ከመጀመሪያው እደግማለሁ።

ግፊቱ ሳይወርድ ቢቆይስ? የፓራኦሊ ከንፈር በተለምዶ ወደ ኮሎው ቤት ስለሚዞር ግፊት ሲመጣበት ዘንጉን ይበልጥ ይጨብጣል፤ ሲሳብ ግን ከንፈሩ ይላቀቃል። ስለዚህ ያረጀ ፓራኦሊ የግፊቱን ፈተና አልፎ በመሳቡ ሊወድቅ ስለሚችል ሁለቱም መደረግ አለባቸው። ለፍሬን አየር ማውጫ የሚያገለግል የእጅ መሳቢያ ፓምፕ ከጌጁ ጋር ካገኙ ወደ 0.3 ባር ድረስ ስበው ይጠብቁ። ካላገኙ አንድ ባለ60 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ፣ ሁለት ሜትር የሚያህል ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦና ባልዲ ውኃ ይበቃሉ። በዚህ ጊዜ የመግቢያው ድፍን ሙሉ በሙሉ ይዘጋ፤ መሳቡ ከካንዴላው ቀዳዳ ይሁን፤ ከዚያ በኩል ሲሳብ የሪድ ቫልቩ ምላሶች ስለሚከፈቱ የመግቢያው ጎማም አብሮ ይፈተሻል። ከካንዴላው ቀዳዳ የሚወጣውን ቱቦ በባለሦስት አፍ መገጣጠሚያ ከስሪንጁና ወደ ባልዲው ቀጥ ብሎ ከሚወርደው ቱቦ ጋር ያገናኙ። ሞተሩ ከባልዲው ውኃ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ስሪንጁን ጥቂት ጊዜ ስበው፣ በየመሃሉ ቱቦውን እየቆለመሙ፣ ውኃው በቱቦው አንድ ሜትር ያህል ሲወጣ ያቁሙና ደረጃውን በማርከር ያመልክቱ። አንድ ሜትር ውኃ 0.1 ባር ነው፤ ከፓምፑ ያነሰ ቢሆንም በቱቦ ውስጥ ያለ ውኃ ከማንኛውም ጌጅ የበለጠ ስሜት ያለው መለኪያ ነው፣ የአንድ ጣት መውረድ እንኳ ይታያል። ውኃው ወደ ሞተሩ እንዳይደርስ ብቻ ከዚያ በላይ አይሳቡት።

በሁለቱም ፍተሻ ጊዜ ኮሎውን በዝግታ ጥቂት ወደፊትና ወደኋላ ያንቀሳቅሱ። ቀዳዳው በአንድ ቦታ ተከፍቶ በሌላው የሚዘጋ ከሆነ ፓራኦሊው ብቻ ሳይሆን ዘንጉ ተቧጭሯል ወይም ኮሎው ተጣምሟል። ቮላኖውን በሁለት እጅ ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀንቁት የሚንኳኳ ነገር ከተሰማዎት ኩሽኔታው (ኮሎው ተደግፎ የሚዞርበት) አልቋል፤ በላዩ አዲስ ፓራኦሊ ማግባት ገንዘብ መጣል ነው፣ ዘንጉ እየዘለለ በወር ውስጥ ከንፈሩን ይበላዋል። በዚህ ጊዜ የኮሎው ቤት ለሁለት ተለያይቶ መከፈቱ ግድ ነው፤ ለዚህ መካኒክ ሲመርጡ ስለ ፍተሻው ከላይ የነገርኩዎትን ይጠይቁትና መልሱን ያዳምጡ። ኩሽኔታው ጤነኛ ከሆነ ግን የግራው ፓራኦሊ ከውጭ ሊቀየር ይችላል። አሮጌውን በካቻቢቴ ሲያወጡ ዘንጉ እንዳይጫር ይጠንቀቁ፣ የአዲሱን ከንፈር ግራሶ ይቀቡ፣ ሲያስገቡም በእኩል ዙሪያ ከሚያርፍ ቧንቧ ጋር በዝግታ ይግፉት፤ አንዱ ጎን ቀድሞ የገባ ፓራኦሊ ከመጀመሪያው ቀን ያፈሳል።

ድፍኖቹን ሁሉ ሲያወጡ የጎማውን ቁራጭ በጭስ መውጫው ውስጥ እንዳይረሱ፤ ያስገቡትን ዕቃ ቆጥረው ይመልሱ። ከዚያ ትልቁን ጄት አውጥተው የፋብሪካውን ልክ ይመልሱ፤ ቀዳዳው ተደፍኖ ትልቁ ጄት በዚህ ከፍታ ላይ ቢቀር ሞተሩ በቤንዚን ይታነቃል። የአየር ማጣሪያውን ሣጥን ክዳን የቀድሞው ባለቤት አውልቆት እንደሆነ ይመልሱት፤ ያለ ክዳን ሞተሩ አየር ይበዛበታል። አዲስ ካንዴላ አግብተው ሁለት ሦስት ጊዜ ሳይጭኑ ሞተሩን አሙቀው ያቀዝቅዙ፣ ቀጥሎ በቀላል ጭነት ጥቂት ቀን ይንዱትና ካንዴላውን አውጥተው ይዩት፤ ጫፉ መካከለኛ የተቆላ ቡና ቀለም ከያዘ ጄቱ ይስማማዋል። ከጠቆረና ከረጠበ አንድ ልክ ወደ ታች መውረድ ይችላሉ፤ ይህም በጅማ ከፍታ የሚጠበቅ ነው።

ሞተሩ ሁለቱንም ፍተሻዎች አልፎ ሚኒሞው አሁንም የማይወርድ ከሆነ የጋዙ ገመድ በመሪው ሲታጠፍ እየተሳበ እንደሆነ፣ የካርቡሬተሩ ተንሸራታች በአቧራ ተይዞ እንደሆነ፣ የዝግታው ጄት ተዘግቶ እንደሆነ፣ የታንኩ ክዳን መተንፈሻም በጭቃ ተደፍኖ እንደሆነ በዚህ ቅደም ተከተል ይዩ። የመጨረሻውን ለማወቅ ሞተሩ ሲደክም ክዳኑን ከፈት ያድርጉት፤ አየር እየሳበ ቢጮህ መተንፈሻው ተደፍኗል።